የሃዋይ ቋንቋ ከጋዜጣ ክምርና ከሬዲዮ ካሴት እንዴት ተመለሰ



በዚህች በላስ ቬጋስ ከተማ ታክሲ የምንነዳ ሁሉ እንደምናውቀው፣ ከኤርፖርት ተሳፍረው «መሃል ከተማ ካሊፎርኒያ ሆቴል አድርሰን» ከሚሉን እንግዶች መካከል የሃዋይ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሆቴሉ በ1975 ከተከፈተ ጊዜ ጀምሮ ዋና ደንበኞቹ ከዚያው ከሃዋይ የሚመጡ ናቸው። ሃዋይ ስምንት ዋና ዋና ደሴቶች ስላሏት ይህችን በረሃ መሃል ያለች ከተማ «ዘጠነኛው ደሴት» ይሏታል። ለመዝናናት ብቻም አይመጡም፤ የቤት ዋጋና የኑሮ ውድነት ከአገራቸው እየገፋ ያመጣቸው ብዙ ናቸው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የሃዋይ ተወላጅ ነን ካሉት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ከሃዋይ ውጭ ነው። እንግዲህ እነሱም በገዛ አገራቸው ባንዲራ ሥር ሆነው እንደኛው ስደተኞች ናቸው ማለት ነው። ታላቅን ሰው በደረቁ በስሙ አይጠሩም፤ «አንክል»፣ «አንቲ» ይላሉ። የእኛው «ጋሼ»ና «እትዬ» መሆኑ ነው።

የእነዚህን ሰዎች የቋንቋ ታሪክ በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት መጽሔት ላይ ለማቅረብ የፈለግንበት ምክንያት አለን። ማኅበራችን ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የቅዳሜ የአማርኛ ክፍል ነበር። ያኔ በአምስት ዓመታቸው «ሀ ሁ» ያሉ ልጆች ዛሬ የ15 ዓመት ጎረምሶች ሆነዋል። ስንናገር ይሰማሉ፣ የሚመልሱት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ነገር ምን እንደሆነ፣ ወዴትም እንደሚያደርስ የሃዋይ ሰዎች ከእኛ ቀድመው እስከ መጨረሻው ሄደው አይተውታል። የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችን በመንገድ የቀረ ቢሆንም የማንበብ አመላችን አልቀረምና፣ ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ ያነበብነውን እነሆ እንላለን። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሃዋይ ቋንቋ ከ200 ዓመት በፊት ፊደል አልነበረውም። የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በ1820 ከአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ በመርከብ መጡ፤ በ1822 የመጀመሪያውን ጽሑፍ በማተሚያ መኪና አተሙ፤ በ1826 ደግሞ የፊደሉን ቁጥር ወሰኑ። አምስት አናባቢና ሰባት ተነባቢ፣ በድምሩ 12 ፊደል ብቻ። (የቅዳሜ ክፍላችን ልጆች ይህን ቢሰሙ ወላጆቻቸውን «ወደ ሃዋይ እንሂድ» ማለታቸው አይቀርም።) መኳንንቱ ራሳቸው ቀድመው ፊደል ቆጠሩ፤ ሕዝቡም ተከተላቸው። በጥቂት አሥርታት ውስጥ አብዛኛው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ ቻለ። መጽሐፍ ቅዱስ በ1839 በሙሉ ተተርጉሞ ወጣ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የጋዜጣው ነገር ነው። በፌብሩዋሪ 1834 በማውኢ ደሴት በላሃይናሉና ትምህርት ቤት «ካ ላማ ሃዋይ» የተባለ ጋዜጣ ታተመ። የእኛ «ብርሃንና ሰላም» በ1925 መውጣት ሲጀምር የሃዋይኛ ጋዜጦች የ90 ዓመት ዕድሜ ነበራቸው። መጀመሪያ ጋዜጦቹን የያዙት ሚሲዮናውያኑ ነበሩ። በ1861 ግን የአገሬው ሰዎች ራሳቸው «ካ ሆኩ ኦ ካ ፓኪፒካ»ን፣ ማለትም «የፓሲፊክ ኮከብ»ን አቋቋሙ። ከአዘጋጆቹ አንዱ በኋላ ንጉሥ የሆነው ዴቪድ ካላካዋ ነበር። በዚያው ዓመት የተጀመረው «ኩኦኮአ»፣ ትርጉሙ «ነጻ» የሆነው ጋዜጣ፣ እስከ 1927 ዘልቋል።

በእነዚህ ጋዜጦች ላይ የወጣው የቤተ መንግሥት ወሬና የመርከብ መግቢያ ሰዓት ብቻ አይደለም። ከውጭ የገባ በሽታ ሕዝቡን እንደ ቅጠል ያረግፈው ነበር፤ ካፒቴን ኩክ በ1778 ሲደርስ በመቶ ሺዎች ይቆጠር የነበረው የተወላጁ ቁጥር በ1890 ወደ 40 ሺህ ወርዷል። ሽማግሌዎቹ እያለቁ መሆኑን ያዩ እንደ ሳሙኤል ካማካው ያሉ ጸሐፊዎች የነገሥታቱን ታሪክ፣ የትውልድ ሐረግ ቆጠራውን፣ ተረቱን፣ የመድኃኒትና የዓሣ ማጥመድ ዕውቀቱን በየሳምንቱ በተከታታይ ያወጡት ነበር። አንባቢው ደግሞ «ይህ የተሳሳተ ነው፣ አያቴ የነገሩኝ እንዲህ ነው» ብሎ ደብዳቤ ይልካል፤ ክርክሩ ለወራት ይቀጥላል። ለሞተ ሰው የሚገጠመው ሙሾ ሳይቀር ይታተማል። የመጨረሻው ትልቅ ጋዜጣ «ካ ሆኩ ኦ ሃዋይ» በ1948 እስኪዘጋ ድረስ ወደ 100 የሚጠጉ ጋዜጦች ወደ 125 ሺህ ገጽ አትመዋል። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

ታዲያ እንዲህ ያለ የጽሑፍ ሀብት የነበረው ቋንቋ እንዴት ወደቀ?

በጃንዋሪ 17 ቀን 1893 የስኳር ነጋዴዎችና ጥቂት የውጭ ሰዎች፣ ከአንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ የወረዱ ወታደሮች ባሉበት፣ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋን አወረዱ። ወዲያው የራሳቸውን መንግሥት መሠረቱ፤ በ1898 ደሴቶቹ ወደ አሜሪካ ተጠቃለሉ። በመካከሉ፣ በ1896፣ አንድ ሕግ ወጣ። እኛ በማርች ወር አድዋ ላይ ጠላትን ድል በመታንበት በዚያው ዓመት፣ በጁን ወር፣ የሃዋይ አዲሱ መንግሥት ማንኛውም ትምህርት ቤት እንደ ትምህርት ቤት የሚቆጠረው በእንግሊዝኛ ሲያስተምር ብቻ ነው ብሎ ደነገገ።

ልብ በሉ፣ ሕጉ «በቤታችሁ አትናገሩ» አላለም። ጋዜጣም አልከለከለም። የነካው ትምህርት ቤቱን ብቻ ነው፤ እሱ ግን በቂ ሆነ። በግቢ ውስጥ ሃዋይኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣል። መምህራን ቤት ድረስ እየሄዱ ወላጆችን «ለልጆቻችሁ ስትሉ በእንግሊዝኛ አናግሯቸው» ይሏቸው ነበር። ወላጅ ደግሞ ልጁን ይወዳል። እሱ በቋንቋው ምክንያት የቀረበትን ሥራ፣ የደረሰበትን ንቀት ያውቃል። ስለዚህ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ሃዋይኛ፣ ወደ ልጅ ሲዞሩ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ሆነ። እንዲህ ሆኖ አያት ይናገራል፣ አባት ይሰማል፣ ልጅ አይሰማም። ቋንቋው ከቤት የወጣው በጠላት ጉልበት ብቻ ሳይሆን በወላጅ ፍቅር ጭምር ነው። ከዚህ ላይ ስንደርስ ማንበባችንን አቁመን ብዙ አስበናል። እኛን ማንም ሕግ አላስገደደንም። ሺፍት ጨርሰን ስንገባ ልጁ የቤት ሥራውን በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ እኛም ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ በእንግሊዝኛ እንመልሳለን።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሃዋይኛ የሽማግሌዎች ቋንቋ ሆኖ ቀረ። ልጆች ሳያቋርጡ ይናገሩበት የነበረው ኒኢሃው በተባለች ትንሽ ደሴት ብቻ ነው። ይህች ደሴት በ1864 ለአንድ ቤተሰብ በ10 ሺህ ዶላር የተሸጠች፣ እስካሁንም በዘሮቻቸው እጅ ያለች፣ እንግዳ እንደ ልቡ የማይገባባት ናት። ጭር ማለቷ ቋንቋውን ጠበቀላት። በሌላው ደሴት ሁሉ ግን ነገሩ በጥቂት ግለሰቦች ትከሻ ላይ ወደቀ። ከእነዚህ አንዷ በ1895 የተወለዱት ሜሪ ካዌና ፑኩዪ ናቸው። በሕፃንነታቸው አያታቸው እጅ ያደጉ ስለነበሩ የጥንቱን አነጋገርና ዜማ ከምንጩ ቀድተዋል። በቢሾፕ ሙዚየም ሲሠሩ ከደሴት ደሴት እየዞሩ የአረጋውያንን ድምፅ በቴፕ ቀዱ፤ ከሳሙኤል ኤልበርት ጋር ሆነው በ1957 ትልቁን የሃዋይኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። በዩኒቨርሲቲ ሃዋይኛ የተማሩ ወጣቶች ሁሉ በእጃቸው የያዙት ይህን መጽሐፍ ነው።

መዝገበ ቃላት ግን አይናገርም። እዚህ ላይ ነው ሬዲዮው የመጣው። በ1972 ላሪ ኪሙራ የተባለ ወጣት የቋንቋ መምህር በሆኖሉሉ በኬ ሲ ሲ ኤን ጣቢያ «ካ ሌኦ ሃዋይ» ማለትም «የሃዋይ ድምፅ» የሚል ፕሮግራም ጀመረ። አባቱ ከጃፓን ዘር፣ የእናቱ ወገን ሃዋያውያን ናቸው። የፕሮግራሙ አሠራር እጅግ ቀላል ነበር። አንድ አዛውንት ወይም አንዲት አሮጊት ስቱዲዮ ይጋበዛሉ፤ ወሬው በሙሉ በሃዋይኛ ነው፤ አድማጭ ስልክ ደውሎ በሃዋይኛ ይገባበታል። የት ተወለዱ፣ አባትዎ ማን ይባላሉ፣ ዓሣ እንዴት ታጠምዱ ነበር፣ የመንደራችሁ ነፋስ ስሙ ማን ነው። በየቤታቸው ብቻቸውን ሆነው ቋንቋቸውን የሚያናግሩት ሰው ያጡ አዛውንቶች ከሌላው ደሴት የሚናገር እኩያ አገኙ። ለቋንቋ ተማሪዎቹ ደግሞ ከመጽሐፍ የማይገኘውን፣ ሰው ሲስቅ፣ ሲያንሾካሹክ፣ ሲከራከር፣ የረሳውን ስም ሲፈልግ እንዴት እንደሚናገር አሰማቸው። ፕሮግራሙ እስከ 1988 ቆየ፤ ከ400 በላይ ስርጭቶች በቴፕ ተቀድተው ቀርተዋል። ዛሬ እነዚያ ቴፖች በዲጂታል ተገልብጠው በሂሎ ከተማ በሚገኘው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት ለማንም ሰው ክፍት ናቸው። እንግዶቹ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ተማሪዎች ግን ዛሬም የድምፃቸውን አወጣጥ ከእነሱ ይቀዳሉ።

በ1978 የክፍለ ሀገሩ ሕገ መንግሥት ሲሻሻል ሃዋይኛ ከእንግሊዝኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ተባለ። በወረቀት ደረጃ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በደሴቶቹ ላይ ከ18 ዓመት በታች ሆነው ሃዋይኛ የሚናገሩ ልጆች 50 እንኳ አይሞሉም የሚል ግምት ነበር። በ1982 የኒውዚላንድ ማኦሪ የሆኑት ምሁር ቲሞቲ ካሬቱ ሃዋይን ሲጎበኙ፣ በአገራቸው አያቶች ሕፃናትን በማኦሪኛ ብቻ የሚያሳድጉበት «የቋንቋ ጎጆ» መጀመሩን አወሩ። በዓመቱ ኪሙራ፣ ፒላ ዊልሰን፣ ካዋኖኤ ካማናና ጓደኞቻቸው ተሰብስበው «ፑናና ሌኦ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ እሱም «የድምፅ ጎጆ» ማለት ነው። ዊልሰንና ካማና ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም ሃዋይኛን የተማሩት አድገው ሲሆን፣ ልጆቻቸውን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሃዋይኛ ብቻ አሳደጉ። የመጀመሪያው የሕፃናት ማቆያ በ1984 በካዋኢ ደሴት ከኒኢሃው በመጡ ቤተሰቦች አካባቢ ተከፈተ። የ1896ቱ ሕግ ርዝራዥ ገና ስላልተሻረ ሥራው ሕገ ወጥ ነበር ማለት ይቻላል። ወላጆች ሦስት ዓመት ደጅ ጠኑ፤ ሕጉ በ1986 ተለወጠ፤ በ1987 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሃዋይኛ ማስተማር ጀመሩ። በ1999 ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል በሃዋይኛ የተማሩ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ተመረቁ። በዚህ ሁሉ የወላጁ ድርሻ ገንዘብ መክፈል ብቻ አልነበረም፤ ወላጆች ራሳቸው የቋንቋ ትምህርት መግባት፣ በወርም የተወሰነ ሰዓት ትምህርት ቤቱ ውስጥ መሥራት ግዴታቸው ነበር። የእኛን የቅዳሜ ክፍል ልጆቻችንን አውርደን ቡና ለመጠጣት ለምንሄድ ይህ ነጥብ ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም።

አሁን ወደዚያ ወደ 125 ሺህ ገጹ እንመለስ። የሃዋይን ታሪክ በእንግሊዝኛ የጻፉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ያን ክምር አላነበቡትም፤ ቋንቋውን አያውቁማ። ስለዚህ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሕዝቡ ንግሥቲቱ ስትወርድና አገሩ ሲጠቃለል ዝም ብሎ ተቀበለ ይባል ነበር። በ1996 ኖኤኖኤ ሲልቫ የተባለች ሃዋይኛ የምታነብ ተመራማሪ በዋሽንግተን ብሔራዊ መዛግብት ቤት ገብታ 556 ገጽ የሆነ የፊርማ ጥቅል አገኘች። በ1897 በወንዶችና በሴቶች የአርበኞች ማኅበራት አማካይነት ተሰብስቦ ለአሜሪካ ሴኔት የቀረበ የተቃውሞ አቤቱታ ነው፤ ከ21 ሺህ በላይ ስሞች አሉበት። ያኔ ተወላጁ በሙሉ ወደ 40 ሺህ ገደማ መሆኑን አስታውሱ። ጋዜጦቹ ሁሉን ነገር በጊዜው ዘግበውት ነበር፣ አንባቢ ጠፍቶ እንጂ። የአቤቱታው ግልባጭ በሃዋይ ለሕዝብ ሲታይ ሰዎች እየተጋፉ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ከነዕድሜያቸውና ከነመንደራቸው ፈለጉ፤ ብዙዎችም አገኙ። ቋንቋ ሲመለስ የሚመለሰው ሰላምታና ዘፈን ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

ጋዜጦቹን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥም ብዙ ተደክሟል። የድሮው ኅትመት ደብዝዞ መሣሪያ አላነብ ስላለ፣ ከኖቬምበር 2011 እስከ ጁላይ 2012 ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በየቤታቸው ተቀምጠው ገጽ በገጽ በጣታቸው ተየቡ። ሥራውን ካስተባበሩት አንዱ ፑአኬአ ኖግልማየር ናቸው። እኚህ ሰው ከሚኒሶታ የመጡ ነጭ ሲሆኑ፣ በ18 ዓመታቸው ወደ ጃፓን ሲያልፉ ሃዋይ ላይ ቀርተው የቋንቋው ሊቅ የሆኑ ናቸው። በሆኖሉሉ ከተማ አውቶቡስ የፌርማታዎቹን ስም አጥርቶ የሚጠራው የተቀዳ ድምፅም የእሳቸው ነው። በሙያችን የመንገድ ስም አጣምሞ መጥራት ስለሚያስቸግረን ይህን ስናነብ ደስ አለን።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለታችን አይደለም። ከ1987 ጀምሮ አንድ ኮሚቴ ለሳይንስና ለዘመኑ ዕቃ አዳዲስ ቃላት ይፈጥራል፤ ኮምፒውተርን «ሎሎ ኡዊላ» ብለውታል፣ «የኤሌክትሪክ አንጎል» እንደማለት። አንዳንድ የኒኢሃው ሰዎችና አረጋውያን ግን «ይህ የዩኒቨርሲቲ ሃዋይኛ ነው፣ የእኛ አይደለም» ይላሉ፤ ልጆቹ እንግሊዝኛን በሃዋይኛ ቃል የሚናገሩ ይመስላል ብለውም ያዝናሉ። ቅሬታቸው እውነት አለው። ሆኖም ከአፍ መፍቻ ተናጋሪው ይልቅ ተማሪው የበዛበት ቋንቋ ከዚህ ሊያመልጥ አይችልም፤ የሚነቀፍ አዲስ ሃዋይኛ መኖሩ ራሱ ከዝምታው ይሻላል ብለን እኛ እንፈርዳለን። በቴክኒኩ በኩል ከእኛ ጋር ይመሳሰላሉ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ አፕል ኩባንያ የሃዋይኛን መጻፊያ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባው በ2002 ነው። የዲስኒ ፊልም «ሞአና» በ2018 በሃዋይኛ ድምፅ ተሠርቶ ለትምህርት ቤቶች ታድሏል።

እዚህ ላይ ስለራሳችን አገር ሳናነሳ ብናልፍ ታሪክ ይታዘበናል። ጋፋት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበትን መንደር ነው። ጋፋት ግን በዐባይ አካባቢ ይኖር የነበረ ሕዝብና የአማርኛ ዘመድ የሆነ ቋንቋው ስም ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ1769 በኋላ በአገራችን በቆየበት ጊዜ መኃልየ መኃልይን ወደዚህ ቋንቋ አስተርጉሞ ወስዷል። ከዚያ በኋላ የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ ጎጃም ወርዶ ሲፈልግ ያገኘው አራት ተናጋሪዎች ብቻ ነው። ከእነሱ የቀዳውን በ1956 በመጽሐፍ አወጣ፤ ዛሬ በጋፋትኛ የሚያወራ ሰው የለም። የተተካው በእንግሊዝኛ አይደለም፣ በአማርኛ ነው። በ1944 በወጣው ድንጋጌም በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዞ ነበር። በማኅበራችን ውስጥ በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራግኛና ሐረሪ የሚናገሩ አባላት አሉ፤ የሃዋይን ታሪክ ሲያነቡ እኛ ከምናየው ሌላ ገጽ ሊያዩ ይችላሉ። ጋፋትኛ የራሱ ጋዜጣ ቀርቶ አንድ የሬዲዮ ቴፕ አልነበረውም፤ ስለዚህ የሚመለስበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው።

የሃዋይኛም ትግል አላለቀም። በጃንዋሪ 2018 በማውኢ ደሴት የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ካሌኮአ ካኤኦ በአንድ የተቃውሞ ሰልፍ ምክንያት ፍርድ ቤት ቀርቦ ስሙ ሲጠራ በሃዋይኛ መለሰ። እንግሊዝኛ በደንብ ያውቃል፤ ግን በአገሩ የመንግሥት ቋንቋ ልናገር አለ። ዳኛው ተከሳሹ ቀርቦ መልስ እንዳልሰጠ ቆጥረው የእስር ትእዛዝ አወጡበት። ትእዛዙ በማግስቱ ተሻረ፤ በዚያው ሳምንት የፍርድ ቤቶቹ አስተዳደር በሃዋይኛ መናገር ለሚፈልግ ሰው አስተርጓሚ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ሕገ መንግሥቱ ከወጣ ልክ 40 ዓመቱ ነበር። በ2019 ደግሞ በትንሿ የላናኢ ደሴት የምትኖር አንዲት እናት ልጆቿ በሃዋይኛ የሚማሩበት ክፍል ስለሌለ ከስሳ፣ የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥት ይህን ትምህርት ለማቅረብ ተገቢውን ጥረት የማድረግ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ አለበት ሲል ፈረደላት። ፍርዱ ጥሩ ነበር። ችግሩ መምህሩ ነው፤ በሃዋይኛ አንደኛ ክፍል ማስተማር የሚችል፣ ፈቃድ ያለው፣ ትንሽ ደሴት ላይ በዚያ ደመወዝ የሚኖር ሰው ከየት ይምጣ?